ዘነበች የሣለችው የእናቴ ፊት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር ቡና መልቀሚያው መጋዘን ውስጥ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ፣ የሴቶች ስም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ድምፄ ይጠፋል። ይህን የምጽፈው ለማንም ልናገረው ስላልቻልኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጪጩ ገበያ ሙዝ ስመርጥ አበበች ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። አበበች ድሮ አብራኝ ቡና ትለቅም የነበረች ሴት ናት።

«ሰምተሻል? ዘነበች አረፈች እኮ» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«የትኛዋ ዘነበች?» አልኩ። የትኛዋ እንደሆነች ግን ወዲያው አውቄያለሁ።

«ሠዓሊዋ ናታ! እዚያው አገሯ ገደብ ቀበሯት። ሳምንት አለፋት አሉ። ጉበቷን ነው ሲሉ ሰማሁ።» አበበች የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። «ለእኔ የሣለችልኝን ዶሮ ታስታውሺያለሽ? ልጆቼ እስከ ዛሬ ‹የእማዬ ዶሮ› እያሉ ይስቁብኛል።»

አስታውሳለሁ። እኔም «አበበች» የሚለውን ስሟን ቢያንስ መቶ ጊዜ ጽፌላታለሁ። እሱን አላነሳችውም።

ሙዙን ሳልገዛ ተመለስኩ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ በመንገድ ላይ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ቅናት ነው። በሞተ ሰው ይቀናል እንዴ? እኔ ቀናሁ። ሐዘኑ የመጣው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ስለ ዘነበች ከመጻፌ በፊት ስለ እናቴ መጻፍ አለብኝ፤ በዘነበችና በእኔ መካከል የነበረው ነገር ሁሉ የመጣው በእናቴ ነውና። እናቴ ስትሞት እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሕይወት ደግሞ አራት። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ያጠቧት የሰፈር ሴቶች «የምትወደውን ልብስ አምጪልን» ሲሉኝ ወይን ጠጅ ሹራቧን አወጣሁላቸው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ነው። በእሱ ተቀበረች። በሦስተኛው ቀን የቀበሌ መታወቂያዋን ስንፈልግ፣ ሹራቡ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ትዝ አለኝ።

እናቴ በዕድሜዋ የተነሣችው ፎቶ ያ የመታወቂያው ብቻ ነው። ፎቶ ቤት እንሂድ ስንላት «ለፋሲካ» ትለን ነበር፤ ፋሲካው ሲመጣ ደግሞ «ለገና»። ያቺን አንዷን ፎቶ እኔ በገዛ እጄ አብሬ ቀበርኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር ብላኝ ነበር። ሕይወት እግሯ ሥር ተኝታለች። «ይቺ ትንሽ ናት፤ ትረሳኛለች። አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ነገርኳት። አመሻሹ ላይ ቆጮው እሳት ላይ እያለ፣ ሕይወትን አጠገቤ አስቀምጬ «እማዬ እንዲህ ነበረች» ብዬ እጀምራለሁ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበረ። ግራ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ በላይ፣ የእሳት ጠባሳ ነበራት። ስትስቅ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻዋ ነው፤ ድምፁ በኋላ ነው የሚመጣው። እንሰት ስትፍቅ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ቃሉ ሲጠፋባት ከራሷ ትጨምርበታለች፤ አንዳንዴ መዝሙሩ ውስጥ የጎረቤታችን ፍየል ይገባል። ሕይወት እዚህ ጋ ስንደርስ ሁሌ ትስቃለች። ስድስት ዓመት ሲሞላት ሁሉንም በቃሏ ያዘችው። አንድ ቃል ብሳሳት ታርመኛለች። ፎቶዋን ብቀብርም እናቴን ግን አልቀበርኳትም እል ነበር በልቤ። በዓለም ላይ የእኔ የምለው ነገር ይኸው ነበር።

እናቴ በሞተች በዓመቱ ትምህርቴን ትቼ ቡና ለቀማ ገባሁ። ከዲላ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። አርባ የምንሆን ሴቶች ሲሚንቶው ላይ በረድፍ ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። እያንዳንዷ የየራሷ ጆንያ አላት፤ እንዳይቀላቀል ስም ይታሰርበታል። ካቦው «ፊደል የምታውቅ ማናት?» ሲል እጄን አላወጣሁም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ናት በክርኗ ጎሽማ ያስነሣችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉንም ስም በካርቶን ላይ እየጻፍኩ የጆንያው አፍ ላይ አስርላቸው ነበር።

አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ይመጣሉ።

«ምህረትዬ፣ የእኔ የትኛው ነው?»

«ምህረት የእኔ ቆንጆ፣ የእኔንም አሳዪኝ።»

ዝም ብዬ በጣቴ አሳያለሁ። መናገር አያስፈልገኝም። በየጠዋቱ አርባ ጊዜ ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ። ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ሲፈለግ ምን እንደሚሰማው ዓይን አፋር ያልሆነ ሰው አያውቀውም።

ዘነበች የመጣችው በአራተኛው ዓመት ነው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ የወንድ ኮት የምትለብስ፣ የጣቶቿ ጫፍ ሁሌ ከሰል የነካቸው ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከገደብ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። አማርኛ የተማረችው ዲላ ከገባች በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው። እኔ በልቤ አርማት ነበር፤ በአፌ ግን አልደፈርኩም። ፊደል የሚባል አታውቅም። ስሟን ጽፌ ሳስርላት ካርቶኑን ገልብጣ ጀርባውን አየችና «እዚህስ ምንም የለም?» አለችኝ።

በመጋዘናችን አምስት አበበች ነበሩ። አንድ ቀን ሁለቱ በአንድ ጆንያ ተጣሉ። በካርቶኖቹ ላይ የአባቶቻቸውን የመጀመሪያ ፊደል ጨምሬ ነበር፤ ለእነሱ ግን አንድ ነው።

«ሙሉውን የለቀምኩት እኔ ነኝ! እግዜር ያያል!»

«እግዜርማ አይቶሻል፣ ስትሰርቂ ነው ያየሽ!»

«ምህረት! አንቺ ተናገሪ እንጂ! ምን ይላል ጽሑፉ?»

አርባ ሴት ዞሮ አየኝ። ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። በዚህ ጊዜ ዘነበች ከረድፉ መጨረሻ ተነሥታ መጣች።

«አንተ፣ አንድ ጊዜ ሳቅ» አለቻት አንደኛዋን አበበች።

«ምን?»

«ሳቅ አልኩህ። ጠብ በኋላ ይደርሳል።»

አበበች ተናዳ ሳለ ሳቀች። እንደ ዶሮ ነው የምትስቀው፤ እንቁላል እንደጣለች ዶሮ። ዘነበች የጆንያውን ሆድ በመዳፏ ጠርዝ ዳበስ ዳበስ አደረገችው፤ የሕፃን ራስ የምትደባብስ ነው የሚመስለው። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ከኮቷ ኪስ ከሰል አውጥታ ባንድ ትንፋሽ ዶሮ ሣለች። የዶሮዋ ፊት አበበችን ይመስል ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ዶሮ ናት፣ ግን አበበች ናት። መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ጠቡም እዚያው ቀረ።

በሳምንት ውስጥ አርባውም ጆንያ ሥዕል ያዘ። ለረጅሟ የመብራት ፖል፣ ሁሌ ለምታረፍደው የተዘጋ በር፣ ሙዝ ለምትወደው ሙዝ። ካቦው «ለእኔም አንበሳ ሣዪልኝ» ቢላት ፊሽካ ሣለችለት። ፊደል የቆጠረው ካቦ እንኳ «ዶሮ! ፖል! ወደ ሥራ!» ማለት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ጠፋ።

ለእኔ ብቻ አልሣለችልኝም። ጠብቄ ጠብቄ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «የእኔስ?» አልኳት። ይህን ለማለት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

«አንተ ፊደል አለህ፤ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። ያበሸቀኝም እሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ሥራው ቆመ። ከወራት በኋላ ስንመለስ ጆንያዎቹ አዲስ ነበሩ፤ ምንም አልተሣለባቸውም። ሴቶቹ ግን ገና በር ላይ ሳሉ «ዶሮ እንዴት ከረመች?» «ፖል፣ አልወደቅሽም?» እየተባባሉ ተሳሳሙ። የአርባውንም ሥዕል፣ ማን ምን እንደነበረች፣ አንዱን ሳያዛንፉ ያስታውሱ ነበር። አንዷ እኔ ዘንድ ደርሳ ሳመችኝና ትንሽ አሰበች። «የእኔ እህት፣ ስምሽ ማን ነበር?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስሟን የጻፍኩላት ሴት ናት።

ዘነበች ሰምታ ኖሮ ከጎኔ ተቀመጠች። «አትዘን» አለችኝ። «ጆሮ ሁለት በር አለው፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዓይን ግን ጓዳ ነው። የገባ አይወጣም።» ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋት።

መጥላት ግን ከባድ ነበር። ከራሷ ቆጮ ለሁሉም ትቆርሳለች። ወለሉ ላይ አቧራ በተኛበት ቦታ ሁሉ በጣቷ ትሥላለች፤ ማታ ስንጠርግ ይጠፋል። ሴቶቹ «አይ፣ አትጥረጊው!» ሲሉኝ እሷ ናት «ጥረግ፣ ጥረግ፤ ዓይናችሁ ውስጥ አለ አይደል?» የምትለው። ለሥዕሎቿ አታዝንም ነበር። ይህም ያስቀናኝ ነበር። እኔ አንዲት የተበጠሰች ካርቶን ወድቃ ባገኝ አንስቼ ኪሴ እከታታለሁ።

ሕይወት ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጎረቤታችን ያለች እናት ሞተች። ለቅሶው ላይ ልጆቿ የእናታቸውን ትልቅ ፎቶ በመስታወት አስገብተው፣ ደረታቸው ላይ ይዘው ወጡ። አልቃሹ ሁሉ ወደ ፎቶው እያየ አለቀሰ። ሕይወት እጄን ይዛ ከዳር ቆማ ስታይ ነበር። ቤት ስንገባ ጠየቀችኝ።

«የእማዬ ፎቶ የታለ?»

«የላትም።»

«ለምን?»

«እኔ እየነገርኩሽ አይደል? አይበቃሽም?» አልኳት።

«ንግግር እኮ በእጅ አይያዝም እታለም» አለችኝ። ሕይወት «እታለም» ነው የምትለኝ።

ሕይወት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመጋዘኑ በኩል ታልፋለች። በማግስቱ ዘነበች ዘንድ ሄዳ ጠየቀቻት። እኔ ከረድፌ ሆኜ አያቸው ነበር። ዘነበች የአንድ ነጋዴ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አንድ ገጽ ገንጥላ ገለበጠች፣ በመዳፏ ጠርዝ ደባበሰችው፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ሕይወት ፊቷ ቆማ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ልክ መምህር ፊት እንደምትቆመው፣ የእኔን ቃል አንድ በአንድ ትላታለች። ፍንጭት ነበራት። እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት። ትከሻዋ ቀድሞ ይስቅ ነበር። እኔ በአምስት ዓመት ያጠራቀምኩት በሩብ ሰዓት አለቀ። ዘነበች አልፎ አልፎ ቀና እያለች ወደ እኔ ታይ ነበር፤ የምሠራ መስዬ ዓይኔን ወደ ቡናው መለስኩ።

ሕይወት ሥዕሉን ይዛ እየሮጠች መጣች። «እማዬን እይ! እማዬን እይ!»

አየሁ። መልካም ሴት ናት። ዓይኗ ደግ ነው። አፏን ግን ዘግታለች፤ ለእናት ጥርስ ማሳየት ነውር ነው ብላ መሰለኝ። ስለዚህ ፍንጭቷ የለም። እጇ ነጠላ ውስጥ ነው፤ ጠባሳው የለም። ትከሻዋ ጸጥ ብሏል። ዘነበች ከከሰሉ ሌላ የነበራት ቀለም ቢጫ ብቻ ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ራሷ ላይ ደማቅ ቢጫ ሻሽ አስራለች። እናቴ ቢጫ ሻሽ ኖሯት አያውቅም። እኔ የተናገርኩት ሁሉ ከሥዕሉ ውጪ ቀርቷል፤ ያልተናገርኩት ሁሉ ገብቷል።

ሕይወት በሊጥ ከአልጋችን በላይ ለጠፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ «እማዬ እንዲህ ነበረች» ብዬ ስጀምር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትሰማኝ። ቀስ በቀስ መስማቷንም ተወች። ቤታችን የመጣ እንግዳ ስለ እናታችን ሲጠይቃት ፍየሏም መዝሙሩም ጠፋ። «ደግ ዓይን ነበራት፤ ቢጫ ሻሽ ታስር ነበር» አለች።

«ሕይወት፣ እማዬ ቢጫ ሻሽ አልነበራትም» አልኳት እንግዳው ሲሄድ።

«ነበራት።»

«እኔ ነኝ የማውቃት! አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ!»

«ነበራት እታለም። አይቻለሁ።»

አይቻለሁ አለችኝ። ምን ይባላል? ሰምቻለሁ ብትል እከራከራት ነበር።

ይህንንም ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንዲት ሴት ከፊቴ መዝሙር እያንጎራጎረች ትሄዳለች፤ ድምጿ የእናቴን ይመስላል። ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ፊት ልጠራ ሞከርኩ። የመጣችልኝ አፏን የዘጋችው ሴት ናት። በቢጫ ሻሽ። እንደገና ሞከርኩ። ያቺው ናት። ከሕይወት ራስ ብቻ ሳይሆን ከእኔም ራስ ውስጥ እናቴን አስወጥታ ገብታበታለች።

ቤት ስደርስ ሕይወት ለመዝሙር ልምምድ እዚያው ቀርታ ነበር። ሥዕሉን ከነሊጡ ከግድግዳው ላይ ላጥኩት። ማድ ቤት ወስጄ እሳቱ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ የተቃጠለው ቢጫው ነው። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ።

ሕይወት ስትገባ «አይጥ በላው» አልኳት። «ሊጡን ፈልጎ ነው።» ግድግዳው ላይ የቀረውን የሊጥ ርዝራዥ አየች፤ እኔን አየች። አላለቀሰችም። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

በማግስቱ ዘነበች ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጀርባ ጠራችኝ። ሕይወት ሌላ እንድትሥልላት ለምናታለች።

«አይጥ ነው?» አለችኝ።

«አይጥ ነው።»

አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችኝ። ያን ዓይን ስትጨፍን ምን እንደምታይ ማንም አያውቅም።

«እሺ፣ አይጥ ነው» አለች። «ሌላ እሥላለሁ። ግን አሁን የሚነግረኝ ሕይወት አይደለም፤ አንተ ነህ። ተቀመጥ። እናትህ እንዴት ነበር?»

እምቢ ልላት ነበር። ግን ወረቀቱን ዘርግታ በመዳፏ መደባበስ ስትጀምር አፌ በራሱ ተከፈተ። ስለ ትከሻዋ ነገርኳት። መዝሙሩ ውስጥ ስለምትገባው ፍየል ነገርኳት። ሌሊት በእግሯ እግራችንን እየነካች በርዶን እንደሆነ ታጣራ እንደነበር፣ ሲበርደን ደግሞ ሳትናገር ብርድ ልብሱን ወደ እኛ ትገፋው እንደነበር፤ ለሕይወት እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት። ስለ ሹራቡ ኪስም ነገርኳት። ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። የሥራ ፊሽካ ተነፍቶ ሁሉ እኛ አልሰማንም።

ስጨርስ ወረቀቱን አየሁት። ምንም የለበትም።

«ለምን አልሣልሽም?»

ከሰሉን ኮቷ ኪስ መለሰችው። «ትከሻ ከአፍ ቀድሞ ሲስቅ እንዴት አድርጌ ልሥል? ፍየሉን መዝሙር ውስጥ የት ላስቀምጠው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ይሄ አይሣልም ምህረት። ይሄ አፍ ነው የሚፈልገው። አንተ ነህ የምትችለው» አለች። ባዶውን ወረቀት አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። እኔ ግን በዚያም ቀናሁ። የማይሣል ነገር መኖሩን እንኳ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ አንድ ቀን እንኳ «ይህን ሥዕል እንጂ ቃል አይችለውም» ብዬላት አላውቅም። ይህን ለማለት ትልቅ ልብ ያስፈልጋል።

ለሕይወት ሌላ ሥዕል አልሣለችላትም። «እህትህን ስማ» ብቻ ነበር ያለቻት። ስለ አይጡም ዳግመኛ አላነሳችም፤ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችብኝም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እናገር ነበር።

በዓመቱ የወንድሟ ሚስት ገደብ ሞታ ልጆች ስላስቀረች ልታሳድጋቸው ሄደች። ሴቶቹ ሁሉ አቅፈው ሸኟት፤ እኔ ጆንያ የማስር መስዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከወናጎ ስመለስ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ወደ ገደብ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ከስታ ነበር። አየችኝ። እጄን ላውለበልብ ብዬ አፈርኩ፤ ሰው ብዙ ነበር። እሷ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ መስታወቱን በመዳፏ ጠርዝ ደባበሰችና በጣቷ አቧራው ላይ መሣል ጀመረች። እያየችኝ ነበር የምትሥለው። ሳትጨርስ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ምን እንደሣለችልኝ አላውቅም።

አበበችን ባገኘኋት ዕለት ማታ ለሕይወት ደወልኩላት። ሕይወት አሁን ትልቅ ሆናለች፤ ሐዋሳ ኮሌጅ ገብታለች።

«ሕይወት፣ ዘነበች አረፈች።»

«እትዬ ዘነበች? ሠዓሊዋ?» ጥቂት ካለቀሰች በኋላ፣ «ያ የእማዬ ሥዕል እኮ…» ብላ ጀመረች።

አላስጨረስኳትም። ለአሥር ዓመት ያህል አፌ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። «አይጥ አይደለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሥዕሉን አይጥ አልበላውም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ቀንቼ ነው።»

ከኋላዋ የሌሎች ተማሪዎች ሳቅ ይሰማኛል። በር ከፍታ የወጣች መሰለኝ፤ ሳቁ ራቀ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ዘነበች ናት የነገረችሽ?»

«እሷ አንድም ቀን አልተናገረችም። ያን ቀን ልምምዱ ቶሎ አልቆ መጥቼ ነበር። በማድ ቤቱ የሸንበቆ ግድግዳ ክፍተት አየሁሽ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ፈራሁ። ያን ያህል ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም ነበር።»

«ሕይወትዬ፣ ይቅር በዪኝ። እናትሽን ነው ያቃጠልኩብሽ።»

«እንደሱ አትበይ» አለች። «እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሥዕሉ አሁን ጠፍቶብኛል። የነገርሽኝንም ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ። ግን እናት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው፣ እሳቱ አጠገብ ተንበርክከሽ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ እታለም።»